ብርቱካናማዋ መብራት
ለቢሮአችን ሁለት ያገለገሉ ሲስኮ ካታሊስት 2960 ስዊቾች፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኙ ሳጥኖች፣ ገዛሁ። ባለ 24 ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ናቸው፤ ጎናቸው ላይ ደግሞ ሁለት የጊጋቢት ፖርት አላቸው። አንዱን ምድር ቤት፣ ሌላውን ሦስተኛ ፎቅ ሰቀልኩ። አንድ ኬብል ቢበላሽ ሥራ እንዳይቆም ብዬ በሁለት ኬብል አገናኘኋቸው። ምድር ቤት ያለው አንዱ ፖርት ብርቱካናማ አብርቶ ቀረ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ፖርቱ የሞተ ነው የሸጥክልኝ!» ሳቀብኝ። «እህቴ፣ እስቲ ደህናውን ኬብል ንቀይው» አለኝ።

ነቀልኩት። ኔትወርኩ ጠፋ። 30 ሴኮንድ ገደማ ስቆጥር ብርቱካናማው አረንጓዴ ሆነና ሁሉም ተመለሰ። አፈርኩ።

ነገሩ ስፓኒንግ ትሪ ነው፤ መልእክት በስዊቾች መካከል ክብ እንዳይዞር የሚከላከል ዘዴ። ራዲያ ፐርልማን የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዲጂታል ኢኪዊፕመንት ኩባንያ ውስጥ ሳለች የሠራችው። ስዊቾቹ መጀመሪያ መሪ ይመርጣሉ፤ ከዚያ ወደ መሪው የሚወስደውን አንድ መንገድ ክፍት ትተው ትርፉን ይዘጋሉ። ካልተዘጋስ? እሱን በቀድሞው ርካሽ ስዊች አይቼዋለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የኬብሉን ሁለት ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ሰካው። ለሁሉም የሚላክ መልእክት ሲዞር ሲዞር፣ የሚያስቆመው ቆጣሪ ስለሌለው፣ ግማሽ ቀን ያለ ኢንተርኔት ዋልን። ጥፋቱን ኢትዮ ቴሌኮም ላይ ስናላክክ ነበር፣ ይቅር ይበሉን።

አንድ ያልወደድኩት ነገር አለ። መሪው የሚመረጠው በቅድሚያ ቁጥር ነው፤ ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል። ከፋብሪካ ሲወጡ ግን የሁሉም ቁጥር 32768 ነው። እኩል ሲሆኑ አነስተኛ ማክ አድራሻ (ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ያለው ይነግሳል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ አሮጌው ነው። የእኔም ሽማግሌ ፎቅ ላይ ሆኖ ነግሦ አገኘሁት። ራውተሩ ያለው ምድር ቤት ስለሆነ የታችኛውን ወደ 4096 አወረድኩት። ብርቱካናማዋም ወደ ሦስተኛ ፎቅ ተዛወረች። ጠዋት ኮምፒውተር ሲከፈት የነበረውን 30 ሴኮንድ ጥበቃ ደግሞ ፖርትፋስት የሚባለው፣ ፖርቱን ወዲያው የሚከፍተው ቅንብር አስቀረልኝ፤ እሱን ግን ኮምፒውተር በሚሰካበት ፖርት ብቻ ነው የምታበሩት።

የኮምፒውተር ፖርቶቹ 100 ሜጋቢት ናቸው፤ ትልልቅ ፋይል ለሚያመላልስ ሰው አይሆኑም። ለእኛ ግን ተርፈዋል።

ፋይናንስ ክፍል ያለችው እትዬ በመጣሁ ቁጥር «ልጄ፣ ያቺ መብራት አሁንም አልተሠራችም?» ትለኛለች። በመጨረሻ ወረቀት ለጠፍኩበት፦ «ተጠባባቂ ነው፤ አትንኩት።»