ፔፐር ለጆርናል ልትልኩ ያሰባችሁ ሁሉ፣ መጀመሪያ ይህችን እህት አግኟት

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ትናንት ጥናቴን ከላክሁለት ጆርናል (የምርምር መጽሔት) ኢሜይል መጣልኝ። ጽሑፌ ተቀባይነት አግኝቷል! ለቤተሰብ ተናግሬ፣ ለጓደኞቼ ደውዬ ደስታው አልወጣልኝም። ጽሑፉን ለጆርናል እንዲሆን አድርጋ ያስተካከለችልኝ፣ ምስጋናው የሚገባት ሰው ስላለች አደባባይ ላይ ልጻፈው አልኩ። ስሟን እንዳልጠራ ስለለመነችኝ "እህቴ" እያልኩ እቀጥላለሁ። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እልካለሁ።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የማስተርስ መመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት አሰላ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ነው። እናቶች ጤና ጣቢያ ወልደው ወደ ቤት ከሄዱ በኋላ ለምን ለክትትል አይመለሱም? ጥያቄዬ ይህ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እናትና ሕፃን ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ቢያንስ አራት ጊዜ እንዲታዩ ይመክራል። እኛ ጋ ግን አራስ ከቤት አትወጣም። ገንፎው አለ፣ ጠያቂው አለ፣ "ብርድ ይመታታል" አለ። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ደጃፍ አላስረገጠችኝም። ደም ሲበዛብኝ እንኳ "ይቆማል፣ አይዞሽ" ነበር የምባለው። እግዚአብሔር አተረፈኝ። ስለዚህ ይህ ጥናት ለእኔ የውጤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ እንዲቀር አልፈለግሁም።

ግን ከመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ጆርናል ለማምጣት ያየሁት አበሳ! መቶ ገጽ የሚጠጋውን ወደ ጥቂት ገጽ መቀነስ አለ፣ የጆርናሉ ፎርማት አለ፣ እንግሊዝኛው አለ። "እኛ እንሠራልሻለን" የሚል ሰው አላጣሁም። አንዱ ቦታ ከፍዬ ሰጠሁ። ሲመለስ እንግሊዝኛው አምሮበታል፣ ሐሳቡ ግን የእኔ አይደለም። ይባስ ብሎ ሠንጠረዡ ላይ ያሉት ቁጥሮች ከጽሑፉ ጋር አይገናኙም። ስጠይቅ "ማን ያየዋል?" ተባልኩ። እናቶቹ እንባቸውን እያበሱ የነገሩንን ነገር ማን ያየዋል ይለኛል! ሌላው ደግሞ ከገንዘቡ በተጨማሪ ስሙን ከጸሐፊዎቹ ተርታ እንዳስገባ ጠየቀኝ። ጥናቱን አላነበበውም እኮ። ሦስተኛው "በሳምንት ውስጥ ይወጣልሻል፣ ዋስትና አለሽ" ብሎ የሁለት ወር ደመወዜን የሚያህል ብር በዶላር ላኪ አለኝ። የጆርናሉ ስም ያስፈራል፣ ዓለም አቀፍ ነው ይላል። እነዚህን ሰዎችና ቦታዎች በስም አልጠራም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥናቱን እርግፍ አድርጌ ልተወው ነበር።

እህቴን ያገኘኋት የሥራ ባልደረባዬ ጠቁማኝ ነው። ስድስት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የኅትመት ሥራ ከሚሠራባቸው ቤቶች በአንዷ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። ድሮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርታለች። ገና እንደተቀመጥኩ "ይቀበሉታል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ቃል የሚገባልሽ ካለ ሽሺው" አለችኝ። ልቤ ያረፈው ያኔ ነው።

ያ ዋስትና የሰጠኝን ጆርናል ስነግራት ኮምፒውተሯን አዞረችልኝና አብረን አየነው። አዘጋጆቹ እነማን ናቸው? የእውነት አሉ? ጥራታቸው የተረጋገጠ ክፍት ጆርናሎች፣ ማለትም ማንም በነጻ የሚያነባቸው፣ በሚመዘገቡበት ዝርዝር ውስጥ አለበት? የለበትም። ከዚያ ምርጫዎቼን አስረዳችኝ። አገር ውስጥም በጅማ ዩኒቨርሲቲ እንደሚታተመው የጤና ሳይንስ መጽሔት ያሉ ጥሩ ጆርናሎች እንዳሉን፣ የውጭዎቹም ብዙዎቹ እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች የሚላክን ጽሑፍ ከማሳተሚያ ክፍያ ነጻ እንደሚያደርጉ፣ ግን ጥያቄው ጽሑፉ ሲላክ ገና ከመነሻው መቅረብ እንዳለበት ነገረችኝ። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔን ያ ሰውዬ በዶላር ክፈይ ሲለኝ የነበረው እኮ ነው!

ሪፈረንሶቹን፣ ማለትም የጠቀስኳቸውን ምንጮች፣ እንዴት እንዳስተካከለቻቸው አልገባኝም። አንድ ነገር ስትጫን ሁሉም በቁጥር ተራ በተራ ተሰለፉ። ስትሮብ የሚባል፣ እንዲህ ያለ ጥናት ሲጻፍ ምን ምን መካተት እንዳለበት የሚያሳይ 22 ነጥብ ያለው መዘርዝርም አለ፤ እሱን አንድ በአንድ እየጠየቀች አስሞላችኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳትጠይቀኝ አልቀየረችም። "እንዲህ ማለትሽ ነው?" ትላለች። አዎ ካልኩ ትጽፋለች። አይደለም ካልኩ ታጠፋለች።

አንዱን ነገር ግን በዝርዝር ልንገራችሁ። የኢቲካል ክሊራንስ ደብዳቤዬን፣ ማለትም ጥናቱን እንድሠራ የተፈቀደበትን የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ እያየች ሳለ ጣቷን ቀኑ ላይ አሳርፋ ዝም አለች። ደብዳቤው የካቲት 2014 ይላል። ጽሑፉ ደግሞ መረጃው የተሰበሰበው ከማርች እስከ ጁን 2022 ነው ይላል። ለአገሩ ሰው ምንም አይደለም፣ ሁላችንም ለምደነዋል። አማካሪዬ አይቶታል፣ ፈታኞቼ አይተውታል፣ ማንም ምንም አላለም። እሷ ግን "ውጭ ያለ ሰው ሲያየው፣ ፈቃዱን ያገኘሽው ከስምንት ዓመት በፊት ነው የሚለው" አለችኝ። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈበት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ መጠየቂያውን እዚያው ጻፈችልኝ። ለዚያ ሳንቲም አልተቀበለችኝም።

ቀጥላ "መረጃውን ማን ሰበሰበልሽ?" አለችኝ። በጭቃ ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው አልኳት። "ታዲያ ስማቸው የታለ?" በምስጋናው ክፍል እንዲገባ አደረገች። ከመግባቱ በፊትም ደውዬ ፈቃዳቸውን እንድጠይቅ ነገረችኝ። ደወልኩ። አንዷ ስልኩ ላይ እልል አለች።

እኔም ከደስታዬ ብዛት "አንቺንም ከጸሐፊዎቹ ጋር ላስገባሽ" ብላት ተቆጣች። "ጥናቱን አልነደፍኩ፣ መረጃውን አልተነተንኩ፣ ምን ቤት ነኝ?" አለችኝ። ያ ሰውዬ ሳያነብ ስሜን አስገቢ ያለኝ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ። እጅሽ ይባረክ!

እባካችሁ፣ በተለይ ክፍለ ሀገር ያላችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ ጥናታችሁን ኮምፒውተር ውስጥ ቆልፋችሁ አታስቀምጡት። ለአጭበርባሪም አትክፈሉ። ወደ እሷ ሂዱ። መምጣት ለማትችሉ በቴሌግራም ፋይል ተቀብላ ትሠራለች፣ ዋጋዋም የሰውን አቅም ያየ ነው። ስትሄዱ የጥናቱን ሙሉ ፋይል፣ የኢቲካል ክሊራንስ ደብዳቤውንና የሁሉንም ጸሐፊዎች ስም ፓስፖርታቸው ላይ በተጻፈበት ፊደል ያዙ፤ የአባት ስም አጻጻፍ ላይ በጣም ጥንቁቅ ናት። ጠዋት ጠዋት ብትሄዱ ወረፋው ይቀላል። እሑድ አትሠራም።