ለሲስተር ምስጋና፣ በጫት ለተቸገራችሁ ቤተሰቦች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው ባለቤቴን አስፈቅጄ ነው። እንዲያውም «ጻፊው፣ እንደኛ የሚንከራተት ስንት ቤተሰብ አለ» ያለኝ ራሱ ነው።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጅቡቲ ይጭናል፣ በጋላፊ ይገባል፣ ሚሌንና አዋሽን አልፎ አዲስ አበባ ያራግፋል። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። የአፋር ሙቀት፣ የሌሊት ጉዞ፣ የወደብ ወረፋ። ጫት የጀመረው እንቅልፍ ለማባረር ነው፣ የብዙ ሾፌር ታሪክ ይሄው ነው። በኋላ ግን የመንገዱ አልበቃ አለና እረፍት ወጥቶ ቤት ሲውልም 8 ሰዓት ላይ በርጫ ካልተቀመጠ ሰው አይሆንም። ሲመረቅን ደስ ይላል፣ ልጆቹን ሰብስቦ ቤት እንሠራለን፣ የራሳችንን መኪና እንገዛለን ይላቸዋል። ምርቃናው ሲወርድ ፊቱ ይጠቁራል። እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። እንቅልፍ እንዲመጣለት ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን የሚሰብርበት መጠጥ ፍለጋ ይወጣል፣ ቢራው አረቄ ይሆናል፣ ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ይገባል። ጠዋት ራሱን እያመመው ይነሳል፣ እህል አይቀምስም፣ ሐራራውን ለማስታገስ እንደገና ጫት። በዚህ መሃል ደሞዝ የሚባል ነገር ቤት አይደርስም።

ሊተው ያልሞከረበት ዓመት የለም። ጾም ሲገባ ይተዋል፣ የፋሲካ ማግስት ይጀምራል።

ለመፍትሔ ያልረገጥነው ደጅ የለም። አንድ የግል ክሊኒክ ደም፣ ሽንት፣ አልትራሳውንድ አሉና ያለንን አስወጡን። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየው «መተው ነው እንጂ ምን መድኃኒት አለው» ብሎ ቫይታሚን ጻፈለት። ሌላ ቦታ ደግሞ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ሰው በተሞላ መጠበቂያ ውስጥ «ጫት የሚቅመው ሰውዬ የታል?» ብላ ተጣራች። ባለቤቴ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ፊቱን ያዞር ነበር። ሱስ ያስተዋል የተባለ ዱቄት የሸጠልን ሰውም አለ። ሲያስታውከው አደረ እንጂ ሌላ ለውጥ አላየንም። ገንዘቡስ ይቅር፣ ሰውን በችግሩ እንዲህ መጫወቻ ማድረግ ግን ግፍ ነው።

ሲስተርን ያገኘኋት እኔ ለደም ግፊቴ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ስመላለስ ነው። የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። እኔ ለሱስ የሚኬደው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ባለቤቴ ደግሞ የአማኑኤል ስም ሲነሳ «እኔ አላበድኩም» ይላል። አንድ ቀን ግፊቴ አልወርድ ሲል የምትለካኝ ልጅ ምን እንዳስጨነቀኝ ጠየቀችኝና ሳልወድ አለቀስኩ። እጄን ይዛ ወስዳ ሲስተር ክፍል አስገባችኝ። የሷንም ውለታ አልረሳም።

ባለቤቴን ለምኜ አመጣሁት። እንደሚቆጡት እርግጠኛ ሆኖ ነው የገባው። ሲስተር ብድግ ብላ ጨበጠችው። በዕድሜ ታናሹ ናትና «ጋሼ ይቀመጡ» አለችው። ስንት ዓመት ቃሙ፣ ለምን አይተዉም የሚባል ነገር የለም። «የትናንት ውሎዎን ከተነሱበት ሰዓት ጀምሮ ይንገሩኝ» አለችው። እሱም ነገራት። ለእኔ ነግሮኝ የማያውቀውን ሁሉ ነገራት። በመሃል ስለ ቅጠሉ፣ ጭንቅላት ውስጥ ስለሚያደርገው ነገር በደንብ አስረዳችን፣ እኔ ግማሹም አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው። ጫቱ እንቅልፉን ይወስዳል፣ መጠጡ እንቅልፍ ያመጣ መስሎ የነገውን ቀን ያበላሻል፣ የተበላሸው ቀን መልሶ ጫት ይጠራል። ስለዚህ እሷ የጀመረችው ከእንቅልፉና ከቁርሱ ነው።

አሁን ይህችን ነገር ስሙልኝ። ከደብተሯ ወረቀት ቀደደችና ሰዓቶቹን ወደ ታች ጻፈች። ከአልጋ መነሻ፣ ቁርስ፣ የጠዋት እርምጃ፣ ምሳ፣ እራት፣ መኝታ፣ ሁሉንም እየጠየቀችው ሞላች። 8 ሰዓትን ባዶ ተወችው። ወረቀቱን ወደሱ አዞረችና እስክሪብቶውን ሰጥታው «ይችን እርስዎ ይሙሏት» አለችው። ዝም አለ። እሷም አላጣደፈችውም፣ ውጭ ወረፋው ተሰልፎ እያለ ዝም ብላ ጠበቀችው። ከዚያ «መኪና ማጠብ፣ ከልጄ ጋር» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ በፕላስተር ቁም ሳጥኑ ላይ ተለጥፎ አለ።

ለብቻ ደግሞ ለእኔ ነገረችኝ። «እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ይነጫነጫል፣ ዱካክ፣ ክፉ ቅዠት ማለት ነው፣ ያስጮኸዋል፣ ያልፋልና አትደንግጪ። በዚህ ሰሞን ግን መሪ እንዳይዝ» አለችኝ። ይህን የነገረን ሌላ ሰው አልነበረም። በፊት ትቶ በሁለተኛው ቀን መኪና ይዞ ይወጣ ነበር እኮ! የመኪናው ባለቤት ደግ ሰው ናቸው፣ ፈቃድ ሰጡት። እንዳለችውም ሆነ። ሌሊት እየጮኸ ይነሳል፣ ግድግዳውን ይደገፋል፣ ላብ በላብ ነው። ባትነግረኝ ኖሮ እኔው ራሴ ሮጬ ጫት ገዝቼ የምሰጠው ይመስለኛል።

በዚያ ሳምንት 8 ሰዓት ሲሆን ከራሷ ስልክ ትደውልለት ነበር። «ጋሼ፣ ባልዲው ወጣ?» ትለዋለች፣ በቃ። ይህን የሚያዛት ደንብ የለም፣ የአየር ሰዓቱንም የሚከፍላት የለም። እንዲህ ዓይነት ባለሙያ በመንግሥት ጤና ጣቢያ አለ ብሎ ማን ያምናል? አለ። በዓይኔ አይቻለሁ።

የዘመድ ሠርግ ላይ አንድ ቀን አመለጠው። አፍሮ አልሄድም አለ፣ እየጎተትኩ ወሰድኩት። ሲስተር ተቆጣች? አልተቆጣችም። «ወረቀቱን ያምጡ» ብላ የእሁድን ውሎ ብቻ ለይታ ሌላ ጻፈችለት። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሥራውም ለጊዜው ከጅቡቲ መስመር ወጥቶ የከተማ ጭነት ሆኗል፣ ማታ ቤቱ ያድራል። ቁርስ ይበላል፣ እሱ ቁርስ ሲበላ ማየት ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ የሾፌር ሚስት ታውቀዋለች። ልጄም 8 ሰዓት ሲቃረብ ባልዲውን ቀድሞ ያወጣል።

ሲስተር፣ ይህን ካነበብሽው፣ ቤቴን መልሰሽልኛል። የእናትሽን ጡት የባረከ አምላክ ዘመንሽን ይባርክ። ከልቤ ነው።

እናንተም እባካችሁ አትዘግዩ። በጫት፣ በመጠጥ፣ ሌላው ቀርቶ በቤቲንግ የተያዘ ሰው ቤታችሁ ካለ ዱቄት ለሚሸጥ ሰው ብር አትስጡ። መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከሌለ ወዴት እንደምትሄዱ ይነግሯችኋል። እኛ የታየነው በጤና መድናችን ነው። ሳትፈቅድልኝ ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ ጤና ጣቢያውን ግን ኢንቦክስ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ወረፋ ስላለ ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ብቻውንም አትላኩት፣ አብራችሁት ግቡ።