«ፓሮዲ ስለሆነ ማንም አይነካውም» ብለው ገጽ ለሚሸጡላችሁ ገንዘብ አትላኩ

ኢንቦክሳችሁ ውስጥ «ተዘጋጅቶ ያለቀ ገጽ ይሸጣል» የሚል መልእክት ከገባ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህቺን አንብቡ። የማወራው በታዋቂ ብራንድ ስም እየቀለዱ (ፓሮዲ የሚባለው አስመስሎ መቀለድ ነው) ብዙ ሺህ ተከታይ ስላፈሩ ገጾች ነው። ባለቤቱ «ሰለቸኝ፣ በርካሽ ልልቀቀው» ይላል። አትግዙ።

እኔም ጋ ደርሷል። ሻጩ የላከው ስክሪንሾት ስልኬ ላይ አለ። የገጹ ስም የአንድ ታዋቂ የስፖርት ጫማ አምራች ስም ነው፤ አንዷ ፊደል ብቻ ተደግማለች። ሎጎውም ያው የኩባንያው ነው፤ ዓይንና ፈገግታ ተስሎበታል። «ፓሮዲ» የምትለዋ ቃል የተወሸቀችው የገጹ መግለጫ (ባዮ) መጨረሻ ላይ፣ ከተደረደሩት ኢሞጂዎች ኋላ ነው። በስልክ የሚያይ ሰው «ተጨማሪ» የሚለውን ካልነካ አያገኛትም። ከሥር የሻጩ ማባበያ አለ፦ «ፓሮዲ ስለሆነ ማንም አይነካውም። ገዝተህ ቲሸርትህን መቸብቸብ ነው።»

መጀመሪያ ነገር፣ ሰውየው የራሱ ያልሆነውን ነው የሚሸጠው። የኢንስታግራም የአጠቃቀም ውል አካውንት መሸጥንም ሆነ መግዛትን በግልጽ ይከለክላል። ሁላችንም ሳናነብ «እስማማለሁ» ብለን የነካነው ውል ማለት ነው። የተጠቃሚ ስሙም ቢሆን የመድረኩ ነው እንጂ የእኛ አይደለም። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙን ወደ ኤክስ ሲቀይር ያደረገውን አስታውሱ። «ኤክስ» የምትለዋን ባለ አንድ ፊደል የተጠቃሚ ስም ለረጅም ዓመታት ይዞ የኖረ ሰው ነበር። ኩባንያው አንድም ሳንቲም ሳይከፍለው ወሰዳት። ሰውየው ምንም ጥፋት አልነበረበትም። እንግዲህ ሕጋዊው ባለቤት እንዲህ ከሆነ፣ ደንብ ጥሶ የገዛ ሰው ለማን አቤት ይላል? የምትገዙት ላም አለኝ በሰማይን ነው።

«ፓሮዲ» የሚለው ጋሻስ? ይሄኛው ነው ብዙ ሰው የሚያታልለው፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። በአንድ ኩባንያ መቀለድ፣ መተቸት፣ ማሽሟጠጥ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል። ሻጮቹ የሚጠቅሱት ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የነዳጅ ኩባንያው የቢፒ ነዳጅ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሲፈስ፣ የኩባንያው ሕዝብ ግንኙነት መስሎ የሚቀልድ የትዊተር አካውንት ተከፍቶ ነበር። ከትክክለኛው የቢፒ አካውንት የበለጠ ተከታይ አፈራ። ቲሸርትም ሸጧል። ግን ገቢው ለጉዳቱ ማገገሚያ የተሰጠ ነበር፤ ቀልዱም ኩባንያውን ስላደረሰው ጉዳት የሚሸነቁጥ ነበር። ይህ የጫማ ስም ላይ ፊደል ደጋግሞ ቲሸርት ከመነገድ ጋር በምን ይገናኛል?

ዕቃ መሸጥ ሲመጣ ጨዋታው ይቀየራል። አሜሪካ ውስጥ አንድ የአሻንጉሊት ድርጅት የጃክ ዳንኤልስ ውስኪን ጠርሙስ ቅርጽና ጽሑፍ አስመስሎ ለውሾች የሚነከስ መጫወቻ ሠራ። ስሙን «ባድ ስፓንየልስ» አለው (ስፓንየል የውሻ ዝርያ ነው)። ጠርሙሱ ላይ «ኦልድ ቁጥር 7» የሚለውን «ኦልድ ቁጥር 2፣ ምንጣፍህ ላይ» አደረገው፤ ቁጥር ሁለት እዚያ አገር ሰገራ ማለት ነው። ቀልድ መሆኑን የማይረዳ የለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ወሰኑ፦ የሌላውን ምልክት ለራስህ ዕቃ መለያ አድርገህ ከተጠቀምክበት፣ «ቀልድ ነው» ማለት ብቻውን ልዩ ከለላ አይሰጥህም። ቀልድነቱ ይታያል፤ ግን ገዢውን ያደናግራል ወይስ አያደናግርም ከሚለው ጥያቄ ጋር ተመዝኖ። ልብ በሉ፣ ክርክሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ያን ያህል ዓመት ጠበቃ የሚከፍል ቲሸርት ሻጭ ካለ ይንገረኝ።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። የመድረኮቹ ደንብ ግን የትም ብትሆኑ ያገኛችኋል። ኤክስ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ የፓሮዲ አካውንት የቀልድ ወይም የሐሰት መሆኑን በስሙ መጀመሪያ ላይ እንዲጽፍ ያስገድዳል። መጨረሻ ላይ መወሸቅ ቀርቷል። የሚቀለድበትን ሰው ወይም ድርጅት ፎቶ እንዳለ መጠቀምም አይፈቀድም። በዚህ ደንብ ስክሪንሾቱ ላይ ያየሁት ገጽ ገና ሳይሸጥ ወድቋል።

ኩባንያዎቹም ደንግጠዋል፤ እውነቱን ለመናገር አልፈርድባቸውም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ትዊተር የአካውንት እውነተኛነት ማረጋገጫ የነበረችውን ሰማያዊ ምልክት በወር 8 ዶላር መሸጥ ሲጀምር፣ አንድ ሰው የመድኃኒት አምራቹን ኤላይ ሊሊን መስሎ «ኢንሱሊን ከአሁን ጀምሮ በነጻ ነው» ብሎ ለጠፈ። ብዙ ሰው አመነ። እውነተኛው ኩባንያ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። በማግስቱ የአክሲዮን ዋጋው ወረደ (ምክንያቱ ያ ጽሑፍ ብቻ ነው ብሎ መማል ባይቻልም)። ትዊተርም አገልግሎቱን ለጊዜው አቆመው። ትልልቆቹ ብራንዶች ስማቸውን የያዘ ገጽ እያደኑ ሪፖርት የሚያደርጉ ሠራተኞች አሏቸው። ገጹ ትንሽ እያለ ላያዩት ይችላሉ። የሚያዩት ዕቃ መሸጥ ስትጀምሩ ነው፤ ማለትም ገዝታችሁ ሥራ ስትጀምሩ።

አንድ የማውቀው ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ገጹን ገዛ፣ ቲሸርት አሳተመ፣ ማስታወቂያ ከፈለ። ከዚያ ከመድረኩ ኢሜይል መጣ፦ የንግድ ምልክት ባለቤት ቅሬታ አቅርቦ ይዘቱ ተነስቷል፤ ጉዳዩን ለመፍታት ቅሬታ አቅራቢውን በዚህ አድራሻ አነጋግር። አድራሻው የሕግ ቢሮ ነው። ሻጩን ሲጠይቀው «እኔ አስረክቤሃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያንተ ጉዳይ ነው» አለና ብሎክ አደረገው። እንደው ለነገሩ ሪፖርቱ ባይመጣ እንኳ ሌላ ጉድ ነበረ፦ ገጹ መጀመሪያ የተከፈተበት ኢሜይል ያለው ሻጩ እጅ ነው። «አካውንቴን ተሰረቅኩ» ብሎ የማስመለሻ ጥያቄ ካስገባ፣ መድረኩ የሚያምነው እሱን ነው። አንዱን ገጽ ለሦስት ሰው ሸጦ ሦስቴ የሚያስመልስ አለ።

ሌላኛው ወጥመድ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ገጽዎ የንግድ ምልክት ስለጣሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል፣ ይግባኝ ለማለት ይህን ሊንክ ይንኩ» የሚል መልእክት። ፕሮፋሉ ላይ የመድረኩ ሎጎ አለ፣ ስሙም «የመብት ጥበቃ ክፍል» ዓይነት ነው። ሊንኩ የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል፤ ቀጥሎም በስልካችሁ የሚገባውን ኮድ። ሁለቱን ከሰጣችሁ ገጹ ሄደ፤ የግል አካውንታችሁም አብሮ ሊሄድ ይችላል። እውነተኛ ማሳወቂያ አፑ ውስጥ፣ የአካውንት ሁኔታ ወይም ድጋፍ በሚለው ቦታ ራሱ ይገኛል። እዚያ ከሌለ ሐሰት ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ በሉት።

ገጹን ሳይሆን ዕቃውን ለምትገዙም አንድ ቃል፦ ገጹ ሲዘጋ ያዘዛችሁት ዕቃም፣ የምትጽፉለት ሰውም አብሮ ይጠፋል። ቅድሚያ አትክፈሉ።

የቀልድ ገጽ መክፈት የምትወዱ ካላችሁ ግን በራሳችሁ ስም ጀምሩ። ስሙን ከመምረጣችሁ በፊት የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የብራንድ መፈለጊያ ላይ አስገቡት። ነጻ ነው፤ የተመዘገበ ተመሳሳይ ምልክት ካገኘ ያወጣላችኋል። ያ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ግልጽ የሆነውን ጣጣ ግን ቀድማችሁ ታያላችሁ።

የከፈላችሁ ካላችሁ ደግሞ ቻቱን፣ ደረሰኙን፣ የሻጩን ፕሮፋል ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርጉ፤ ብሎክ ሲያደርጋችሁ ሁሉም ላይታይ ይችላል። በካርድ ከሆነ የከፈላችሁት፣ ባንካችሁ ጋ ደውላችሁ ክፍያውን እንደምትቃወሙ ተናገሩ። ይህ የጊዜ ገደብ ስላለው ነገ ዛሬ አትበሉ። በክሪፕቶ ከከፈላችሁ ተመላሽ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። «የተዘጋ ገጽ በክፍያ አስከፍታለሁ» ብሎ ኮመንት ሥር ለሚጽፍላችሁም መልስ አትስጡ። ብዙ ጊዜ ያው ሻጩ ነው፣ በሌላ አካውንት።