የመኪናን ኮምፒውተር ፕሮግራም መቀየር፦ በሶኬት ወይስ ፈትቶ?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የሞተሩን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ፕሮግራም ማስቀየር የሚፈልግ ባለመኪና ሁለት መንገድ አለው፤ አንደኛው ከመሪው ሥር ካለው ባለ 16 ፒን የኦቢዲ (የመኪና ብልሽት መመርመሪያ) ሶኬት ጋር ላፕቶፕ አገናኝቶ መጫን፣ ሁለተኛው ኮምፒውተሩን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ከቺፑ ጋር መሥራት ነው። የመጀመሪያው ፈጣን ነው። ይሁን እንጂ ጭነቱ ሳያልቅ የባትሪው ቮልቴጅ ከወረደ ወይም መብራት ሄዶ ባትሪውን የሚደግፈው ቻርጀር ከጠፋ (ይህ ደግሞ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም) ፕሮግራሙ በከፊል ተጽፎ ሊቀርና ሞተሩ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። እንዲህ የሞተን ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ የሚያስነሳው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ሆኖም የሳጥኑ ማሸጊያ በደንብ ካልተመለሰ እርጥበት ይገባዋል። ለጤነኛ መኪና የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ባለሙያው ነባሩን ፋይል አስቀድሞ ገልብጦ ካላስቀመጠ ግን ቁልፉን አልሰጠውም።