ፓኖራማ ፎቶን ቪዲዮ ውስጥ ለማንቀሳቀስ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ከእንጦጦ አናት ላይ ቆማችሁ፣ ስልካችሁን ቀስ አድርጋችሁ እያዞራችሁ አዲስ አበባን በፓኖራማ አነሳችሁ እንበል። ስልኩ ላይ ሲታይ ጉድ ነው። ከተማው ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ቪዲዮ ኤዲተር ውስጥ ስታስገቡት ግን ከላይ ጥቁር፣ ከታች ጥቁር፣ መሀል ላይ እንደ መቀነት የቀጠነ ፎቶ።

መፍትሔው ይታወቃል። ፎቶውን የስክሪኑን ቁመት እስኪሞላ ታሳድጉና ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ እያለ እንዲሄድ ታደርጋላችሁ። ይህን የማይሠራ ኤዲተር የለም ማለት ይቻላል። ጣጣው የሚመጣው ፎቶው ሲደበዝዝ ወይም እየተንቀጠቀጠ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ብቻ እዩ። ሶፍትዌሩ የፎቶውን ሙሉ ጥራት ይዞ ይቆያል ወይ? ፍጥነቱንስ እንደፈለጋችሁ ትቆጣጠራላችሁ ወይ?

ቁጥር ይዘን እንሂድ። ፎቶው 12,000 በ3,000 ፒክስል ነው። ቪዲዮው ደግሞ ፉል ኤችዲ፣ 1920 በ1080። ፎቶው በወርዱ ሲገጥም ቁመቱ 480 ብቻ ይሆናል። ቁመቱን 1080 ስታደርሱት ወርዱ 4320 ይደርሳል። በአንድ ጊዜ የሚታየው 1920 ስለሆነ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ጉዞ 2400 ፒክስል ነው። ይህችን 2400 ያዙልኝ።

በሰከንድ 25 ፍሬም (ተከታትለው የሚታዩ ነጠላ ምስሎች) በሚሄድ ቪዲዮ ይህን መንገድ በ10 ሰከንድ ከጨረሳችሁት፣ ፎቶው በእያንዳንዱ ፍሬም 9.6 ፒክስል ይዘላል። በ24 ሰከንድ ከሆነ ግን ልክ 4 ፒክስል። ሁለተኛው ለዓይን ይለሰልሳል። አንደኛ ዝላዩ ትንሽ ነው፤ ሁለተኛ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ የሕንፃዎቹ ጠርዝ አይርገበገብም። የሰሜን ተራሮች ፎቶ ቢሆን ብዙም አይታወቅም ነበር፤ ገደልና ጉም ይቅር ባይ ናቸው። ቀጥ ብሎ የቆመ ፎቅና የመብራት ምሰሶ ግን ምንም አያልፉም።

አሁን ወደ ሶፍትዌሮቹ።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ

ኮምፒውተራችሁ የሚችለው ከሆነ ከዚህ ጀምሩ፤ የኔ ምርጫ እሱ ነው። ነፃው ስሪት ሎጎ አይለጥፍም፣ ጊዜውም አያልቅም። እስከ 3840 በ2160 ድረስ ቪዲዮ ያወጣል፤ ለዩቲዩብም ለሠርግ ቪዲዮም ከበቂ በላይ ነው። የሚከፈልበት ስቱዲዮ የሚባለው ስሪት 295 ዶላር ነው፣ አንዴ ከፍላችሁ የራሳችሁ ይሆናል። ለፓኖራማ ብላችሁ ግን አትግዙት፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ ነፃው ውስጥ አለ።

አሠራሩ ይኸው። ፎቶውን ታይምላይን ላይ፣ ማለትም ቪዲዮው በሚደረደርበት መስመር ላይ አስቀምጡ። ኢንስፔክተር የሚለው ክፍል ውስጥ ዙሙን 2.25 አድርጉ፤ 1080 ለ480 ሲካፈል ማለት ነው። ጥቁሩ ጠፋ። መጀመሪያው ፍሬም ላይ የፖዚሽን ኤክስ ቁጥርን 1200 ጻፉና አጠገቡ ያለችውን የኪፍሬም ምልክት ተጫኑ፤ ኪፍሬም ማለት ፎቶው በዚያ ቅጽበት የት እንዳለ የሚመዘግብ ነጥብ ነው። መጨረሻው ፍሬም ላይ ሄዳችሁ 1200 ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርጋችሁ ጻፉ። አለቀ። ፎቶው ከግራ ጫፍ ተነስቶ ቀኝ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ አንድ ፒክስል ጥቁር አታዩም።

ቁጥር የማይወድ ሰው ዳይናሚክ ዙም የሚለውን ቢጠቀም ይሻለዋል። ፎቶው ላይ ሁለት ሳጥን ይመጣለታል፤ አረንጓዴው መነሻ ነው፣ ቀዩ መድረሻ። ሲነሳና ሲቆም እንዲለሰልስ ማድረግም ይቻላል። ሪዞልቭ ዙም ሲያደርግ የሚጠቀመው ዋናውን ፎቶ ስለሆነ ጥራት አይወርድም።

ክፋቱ ከባድ መሆኑ ነው። 16 ጊጋ ራምና ደህና ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ለቢሮ ሥራ የተገዛች 8 ጊጋ ላፕቶፕ ላይ ሊከፈት ይችል ይሆናል፣ ግን ዕድሜያችሁን ይበላል።

አዶቢ ፕሪሚየር ፕሮ

በሙያው ያሉ ሰዎች የለመዱት እሱን ነው፤ ስለ እሱ የሚያስተምር ቪዲዮም እንደ ልብ ይገኛል። ለፓኖራማ ጎበዝ ነው። እስከ 256 ሜጋፒክስል የሚደርስ ፎቶ ይቀበላል፣ አንዱ ጎን ከ32,768 ፒክስል እስካልበለጠ ድረስ። የአይፎን ፓኖራማ ቢበዛ 63 ሜጋፒክስል ስለሆነ ምንም አያስጨንቀውም።

አንድ ወጥመድ አለው። ፎቶን ከስክሪኑ ጋር የሚያስማሙ ሁለት ትእዛዞች አሉ፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያደናግራሉ። ስኬል ቱ ፍሬም ሳይዝ የሚለው ፎቶውን ወደ ስክሪኑ ልክ ያሳንስና የቀረውን ፒክስል ይጥለዋል። ከዚያ ብታሳድጉት ይደበዝዛል። ሴት ቱ ፍሬም ሳይዝ የሚለው ግን የመጠን ቁጥሩን ብቻ ነው የሚቀይረው፤ ጥራቱ እንዳለ ይቆያል። ለፓኖራማ ሁለተኛውን ምረጡ፣ ወይም ሁለቱንም ሳትነኩ ስኬሉን 36 አድርጉት። ፖዚሽኑ ከ2160 ተነስቶ ከዜሮ በታች 240 ላይ ሲያርፍ ያው 2400 ጉዞ ተጠናቀቀ።

ዋጋው ነው የሚያስጠላው። አይሸጥም፣ ይከራያል። አሜሪካ ውስጥ የዓመት ውል ለገባ ሰው በወር ወደ 23 ዶላር ነው። አንድ ዓመት ስትከፍሉ የሪዞልቭ ስቱዲዮን ዋጋ ልትጨርሱ ምንም አይቀራችሁም፤ መክፈል ስታቆሙ ደግሞ ይዘጋል። ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ ለሚኖር ሰው ካርድ አስገብቶ መርሳት ነው። አዲስ አበባ ላለ ግን በየወሩ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ራሱ ሌላ ሥራ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ስለጀመረ ሒሳቡም በየጊዜው ይለዋወጣል። ብዙ ሰው ላፕቶፕ ሲገዛ ሱቁ የጫነለትን ክራክ (ሳይከፈልበት የተሰበረ ቅጂ) የሚጠቀመው ለዚህ ነው። እኔ አልመክርም። ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ደግሞ ሪዞልቭ በነፃ እያለ ምን አስጨነቃችሁ?

ማክ ያላችሁ

እናንተ ዕድለኞች ናችሁ። ከማኩ ጋር ያለው አይሙቪ ነፃ ነው፤ ኬን በርንስ የሚባለውን ዘዴ አብሮት ይዟል። ስሙ ቆመው የቀሩ አሮጌ ፎቶዎችን በዝግታ እያንቀሳቀሰ ታሪክ በመተረክ ከታወቀው አሜሪካዊ የዘጋቢ ፊልም ሠሪ የመጣ ነው። መነሻና መድረሻ ሳጥን ታስቀምጣላችሁ፣ የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል። ለቤተሰብ ቪዲዮ በቂ ነው። መሀል ላይ ለአፍታ ቆም ብሎ እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ ግን ይጠባችኋል።

ፋይናል ከት ፕሮ ያንኑ ዘዴ ከሙሉ ኪፍሬም ጋር ይሰጣል። ዋጋው 299.99 ዶላር ነው፣ የአንድ ጊዜ ክፍያ። ሪዞልቭ ማክ ላይም እንደሚሠራ ግን አትርሱ።

ስልክና ቀላል ኮምፒውተር

ካፕከት ፈጣን ነው። ፎቶውን በሁለት ጣት ታሳድጋላችሁ፣ የኪፍሬም ምልክቷን ትጫናላችሁ፣ ወደ መጨረሻው ሄዳችሁ ፎቶውን ትጎትታላችሁ። በጣት ስለሚሠራ የፒክስል ሒሳብ አይመቸውም፤ ሲጎትቱት ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢያመልጥ ፎቶው እያዘቀዘቀ ይሄዳል።

ለቲክቶክ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ቆሞ የሚታይ ቪዲዮ 1080 በ1920 ነው። ያው ፎቶ ቁመቱን ሲሞላ ወርዱ 7680 ይሆናል፤ ጉዞው 6600 ፒክስል ደረሰ ማለት ነው። ይህን በ8 ሰከንድ አስኪዱት፣ የሚታየው ነገር እንደ ባቡር መስኮት ይፈተለካል። ሙሉውን ለማሳየት አትሞክሩ። ደስ የሚለውን ክፍል መርጣችሁ እሱን ብቻ አሳዩ።

ኮምፒውተራቸው አቅም ለሌለው ኬደንላይቭና ሾትከት አሉ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ኪፍሬምም አላቸው። ከሪዞልቭ ይልቅ ለደካማ ማሽን ይራራሉ። መልካቸው አያምርም፣ ሥራው ግን ይሠራል።

በየትኛውም ብትሠሩ ፎቶው በቴሌግራም የሚመጣላችሁ ከሆነ ላኪው በፋይል እንዲልክ ንገሩት። በተራ ፎቶ ከላከው ቴሌግራም አሳንሶ ነው የሚያደርሰው፤ ያ ሁሉ 12,000 ፒክስል መንገድ ላይ ይቀራል።

ዙሪያውን በሙሉ በአንዴ በሚያነሳ 360 ካሜራ የተነሳ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያልኩት መጎተት አይሠራም። ወርዱ የቁመቱ እጥፍ ነው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲታይ መስመሩ ሁሉ ይጎብጣል። እዚህ ላይ ፕሪሚየር ኪራዩን ያወጣል። ቪአር ፕሮጀክሽን የሚባል ኢፌክት አለው፤ ፎቶውን መልሶ እንደ ሉል ይቆጥርና ውስጡ ቆማችሁ አንገታችሁን እንደምታዞሩ አድርጎ ያንቀሳቅሰዋል። ፋይናል ከትም በፈረንጆቹ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ 360 ይቀበላል። እንዲህ ያለ ፎቶ በዓመት አንዴ ብቻ የሚገጥማችሁ ከሆነ ግን የፕሪሚየርን የ7 ቀን ነፃ ሙከራ ለዚያ ሳምንት አቆዩት።