ባለ ራቼት ክሪምፐር ከ11 ወራት በኋላ፦ ያስቸገረኝ መሣሪያው ሳይሆን ኮኔክተሩ ነበር

ከ11 ወራት በፊት የገዛሁት የኔትወርክ ኬብል ክሪምፐር፣ ማለትም ኮኔክተርን በኬብል ጫፍ ላይ ጨምቆ የሚያጣብቅ የእጅ መሣሪያ፣ ባለ ራቼት ሲሆን፣ ተራውን አርጄ45 ኮኔክተርም (የኔትወርክ ኬብል ባለ ስምንት ፒን መሰኪያ) ሆነ የሽቦዎቹ ጫፍ በፊቱ በኩል አልፎ የሚወጣበትን ክፍት ኮኔክተር ይሠራል። እስካሁን ከ600 የማያንሱ ኮኔክተሮችን ክሪምፕ አድርጌበታለሁ፤ አብዛኞቹ ለካሜራና ለዋይፋይ መሣሪያዎች በዘረጋኋቸው መስመሮች ላይ ያሉ ናቸው። ዛሬ ግዛ ብባልም ይህንኑ እገዛለሁ። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ወራት በክሪምፐሩ ካሳበብሁት ጥፋት አብዛኛው የኮኔክተሩ፣ በሌላ አነጋገር የራሴ ምርጫ፣ እንደነበር ዘግይቼ ስለተረዳሁ፣ ግምገማው ወደዚያው ቢያደላ አንባቢ አይፍረድብኝ።

የቀድሞው ክሪምፐሬ እንደ መቀስ በአንድ ማጠፊያ የሚከፈት ነበር። እንዲህ ያለው መንጋጋ ሲዘጋ ወደ ማጠፊያው የቀረበውን ወገን አጥብቆ የራቀውን ላላ አድርጎ ይጨምቃል። የአዲሱ መንጋጋዎች ግን ትይዩ እንደሆኑ ስለሚገናኙ ስምንቱም ፒኖች እኩል ይወርዳሉ፤ ራቼቱም ጭመቃው ሳይጠናቀቅ እጀታውን ስለማይለቅ፣ እጅ በዛለ ሰዓት የሚፈጠረው ግማሽ ጭመቃ ቀርቷል። ስሜቴን ብቻ ላለማመን በካሊፐር ለካሁ። በትክክል የተጨመቀ ፒን ከኮኔክተሩ ጀርባ እስከ ፒኑ አናት 6.02 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባዋል፤ 0.13 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ይፈቀዳል። አዲሱ ስምንቱንም በዚህ ክልል ውስጥ ሲያወርድ፣ አሮጌው 1ኛውን ፒን በሚገባ አውርዶ 8ኛውን 6.3 ላይ ይተወው ነበር። ከፍ ብሎ የቀረ ፒን ሽቦውን በደንብ አለመንከሱ ብቻ ሳይሆን፣ የሚሰካበትን ሶኬት ስስ ስፕሪንግ ከልኩ በላይ ገፍቶ ሊያጎብጠው ይችላል።

በአራተኛው ወር አንድ ካሜራ አስቸገረኝ። ኃይሉን የሚያገኘው በዚያው በኔትወርክ ኬብሉ፣ ፒኦኢ በሚባለው መንገድ ነበር። ቀን ደህና ውሎ ሲመሽ፣ የኢንፍራሬድ መብራቱ በርቶ የኃይል ፍላጎቱ ከፍ ሲል፣ ይጠፋና እንደገና ይነሣል። የኬብል መፈተሻዬ፣ ቴስተሩ፣ ስምንቱንም መብራቶች በተርታ ያበራል። ኬብሎቹ የሚሰኩበትን የኔትወርክ ስዊች ቀየርሁ፣ ካሜራውን ቀየርሁ፣ ክሪምፐሩን ረገምሁ። በመጨረሻ ኮኔክተሩን ከኬብሉ ቆርጬ ጎኑን በስስ መጋዝ ከሰነጠቅሁ በኋላ በአጉሊ መነጽር ስመለከተው፣ የእያንዳንዱ ፒን ጥርስ ሁለት ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ሁለቱም በአንድ መስመር ቆመዋል። ይህ ፒን የተሠራው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች ለተገመደ ተጣጣፊ ሽቦ ነው፤ ጥርሱ በክሮቹ መካከል ሰርስሮ ይገባል። የእኔ ኬብል ግን ድፍን መዳብ ስለነበር ጥርሱ ሊበሳው አልቻለም፤ ሽቦውን ወደ ጎን ገፍቶ ጠርዙን ብቻ እንደነካ ቀርቷል። ለድፍን ሽቦ የሚሆነው ፒን ሦስት ጥርሶች ያሉት፣ ጥርሶቹም ግራና ቀኝ ተፈራርቀው ሽቦውን ከሁለቱም ጎን የሚያቅፉት ነው። እንዲያ ጠርዝ ብቻ የነካ ግንኙነት የቴስተርን መብራት ያበራል፤ ከበድ ያለ ኃይል ሲያልፍበት ግን ይሞቃል፣ ይቆራረጣል። ኮኔክተሮቹን በባለ ሦስት ጥርስ ከቀየርሁ ወዲህ ካሜራው አንድም ሌሊት አልጠፋም።

ከጥርሱ ቀጥሎ የሚታየው ውፍረቱ ነው። ካት 5ኢ እና ካት 6 በሚባሉት የኔትወርክ ኬብል ዓይነቶች የመዳቡ ውፍረት በጌጅ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። የካት 5ኢ መዳብ አብዛኛውን ጊዜ 24 ጌጅ፣ ማለትም 0.51 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የካት 6 ደግሞ ብዙውን ጊዜ 23 ጌጅ፣ 0.57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ የፀጉር ያህል ቢሆንም፣ የፕላስቲክ ልባሱ ሲጨመርበት የካት 6 ሽቦ በካት 5ኢ ኮኔክተር ቀዳዳ አልገባም ይላል። ይህ እንኳ ወዲያው ስለሚታወቅ ቀላል ነው፤ አታላዩ ተቃራኒው ነው። ቀጭኑ ሽቦ በሰፊው ቀዳዳ ሰተት ብሎ ይገባና ፒኑ መሀሉን ሳያገኘው ይቀራል። ስለዚህ ኮኔክተር ከመግዛቴ በፊት የኬብሉን መግለጫ አውጥቼ የመዳቡን ጌጅ፣ የልባሱን ውፍረት፣ ድፍን ወይም ባለ ብዙ ክር መሆኑን አያለሁ። ለሁሉም ዓይነት ኬብል ይሆናል ተብሎ የተጻፈበትን አልገዛም። ስለ ፒኖቹ የወርቅ ቅብ ውፍረትም 50 ማይክሮ ኢንች የሚለውን እመርጣለሁ፤ ተነቅሎ በማይሰካ መስመር ላይ ግን ያን ያህል አልጨነቅበትም።

ክፍቱ ኮኔክተር ሥራዬን በእርግጥ አፍጥኖታል። ሽቦዎቹ በፊት በኩል ወጥተው ስለሚታዩ፣ ከነጭ-ብርቱካናማ ጀምሮ እስከ ቡናማ ድረስ የቀለሙን ተራ ሳልጨምቅ አረጋግጣለሁ። ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙትን የሽቦ ጥንዶች ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ሳልፈታ ስቤ ማስገባትም ቀሎኛል፤ የውጭው ሽፋንም ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ በመያዣው ሽብልቅ ሥር እስኪያዝ ድረስ እስበዋለሁ። ድክመቱ ትርፉን ጫፍ የሚቆርጠው ምላጭ ነው። በሰባተኛው ወር ላይ መቁረጡን ትቶ ማኘክ ጀመረ፤ በኮኔክተሩ ፊት ላይ ወደ ጎረቤታቸው የተጎተቱ የመዳብ ጭራዎች ይታዩኝ ጀመር። ኃይል በሚያልፍበት መስመር ላይ ይህ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ምላጩን ስቀይር ተስተካከለ፤ ነገር ግን የሌላ አምራች ክፍት ኮኔክተር ባስገባሁበት ጊዜ አዲሱ ምላጭም ቢሆን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ጫፍ ትቷል፤ የፊቱ ልክ ከምላጩ ቦታ ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ስለዚህ ለፒኦኢ መስመሮች ወደ ዝጉ ኮኔክተር ተመልሻለሁ፤ ሽቦዎቹን እኩል ቆርጦ ማስገባቱ ጊዜ ቢወስድም።

ቴስተሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ቀን እየተቻኮልሁ ጥንዶቹን በየቀለማቸው ጎን ለጎን ደርድሬ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ጨመቅሁ፤ መብራቶቹ ሁሉ በሩ። ስዊቹ ግን በጊጋቢት ፍጥነት አልተገናኘም፤ ምክንያቱም 3ኛውና 6ኛው ፒን አብሮ ከተጠማዘዘ አንድ ጥንድ መሆን ሲገባቸው፣ ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች ተወስደው ነበር። ርካሽ ቴስተር የሽቦን መቀጠል እንጂ ጥንድነትን አያይም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በግድግዳ ውስጥ በሚያልፍ ቋሚ ኬብል ጫፍ ላይ ኮኔክተር መጨመቅ አቁሜያለሁ፤ እዚያ ኪስቶን የሚባለውን በግድግዳ ላይ የሚገጠም ሶኬት አስገባና፣ ከፋብሪካ ኮኔክተር ተገጥሞለት የመጣ አጭር ኬብል (ፓች ኬብል) እሰካበታለሁ። ክሪምፐሩ ለካሜራና ጣሪያ ላይ ለሚሰቀሉ የዋይፋይ መሣሪያዎች ብቻ ይወጣል። የእጀታው ጎማ በአንድ በኩል መላቀቅ ጀምሯል፣ ስፕሪንጉም እንደ መጀመሪያው አይመለስም፤ መንጋጋው ግን ባለፈው ሳምንት ስለካው 8ኛውን ፒን አሁንም 6.05 ላይ ያወርዳል።