በበዓል ቀን ጋራዣቸውን ለከፈቱልን የሳይክል መካኒክ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከጉዞ በተመለስን ማግስት ነው። የልጆች ትምህርት ቤት፣ የድንኳን እጥበት፣ ሥራ እያልኩ ቀኑ ሄደ። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም። ከልጆቼ ጋር መንገድ ላይ ልቀር ስል የደረሱልኝን ሰው ሳላመሰግን፣ ለሌላውም ሳልጠቁም ብቀር ቅር ይለኛል።

የምንኖረው ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጃችን፣ የ10 ዓመት ወንድሟ፣ እና ከአባቱ ሳይክል ኋላ በጋሪ የሚጎተተው የ4 ዓመቱ ትንሹ። ዘንድሮ ዕረፍታችንን በሳይክልና በድንኳን እናሳልፍ ተባባልን። ሳይክሎቹን ባቡር ላይ ጭነን የሐይቅ ዳር ከተማዋ አንሲ ገባን።

ከልጅ ጋር ለሚጀምር ሰው የአንሲን መንገድ ሳላመሰግን አላልፍም። ከሐይቁ ዳር ተነስቶ በዱሳርና በፋቨርዥ አድርጎ ወደ ዩዢን የሚወስደው የሳይክል መንገድ ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱም ለጥ ያለ ነው። ዱዋን ላይ በአሮጌው የባቡር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ትንሹ ልጄ ዋሻው ውስጥ ሲጮህ ድምፁ ተመልሶ መጣለት። ሦስት ጊዜ አመላለሰን።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ፔዳል እየመታን ሰዓቱን መጠበቅ አልቻልንም፤ ከፍስክ ግን ተቆጥበናል። ምስር፣ ሽሮ፣ ሩዝ፣ ድንች። አንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዘን ነበር። ድንኳን ደጃፍ የተሠራ ሽሮ እንደዚያ ይጣፍጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጎረቤት ድንኳን የነበሩ ሆላንዶች በሽሮው ሽታ ተስበው መጥተው ቀምሰውልናል።

ከአልበርትቪል በኋላ ነገሩ ተቀየረ። አልበርትቪል የ1992ቱን የክረምት ኦሊምፒክ ያዘጋጀችው ከተማ ናት። ከእሷ ወደ ቦፎር፣ ከቦፎር ደግሞ ወደ ሮዝላንድ ሐይቅ ዳገት ነው። ቦፎር ያለችው 740 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሐይቁ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። ነሐሴ 8 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 14 መሆኑ ነው፣ ጥዋት በማለዳ ተነስተን በየኩርባው እያረፍን ወጣነው። ላሞቹ አንገታቸው ላይ ትልልቅ ቃጭል አስረው ይግጣሉ። የቃጭሉ ድምፅ ከእኛ ትንፋሽ ጋር አብሮ ይወጣል።

ሐይቁ ግድብ ነው። ሲገደብ የሮዝላንድ መንደር ከነቤተ ክርስቲያኑ ውሃ ውስጥ ቀርቷል። አሁን ዳሩ ላይ የቆመችው ትንሽ የጸሎት ቤት የዚያን ቤተ ክርስቲያን መልክ ይዛ የተሠራች ናት። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ውሃውን ዝም ብለው ብዙ አዩት። ትልቋ "ደወሉስ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሐሳባችን ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋውን የሮዝላንድ አናት አልፈን ቡር ሳን ሞሪስ መውረድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። መብረቅ፣ ቀጥሎ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ። ባለቤቴ "ተመለሽ" አለኝ። በመጣንበት ቁልቁል ወረድን።

ባለቤቴ 82 ኪሎ ነው። ሳይክሉ 17፣ ጋሪው 13፣ ልጁ 16፣ ሻንጣው 25። ቢደመር 153 ኪሎ። ይህን ሁሉ ክብደት ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ የፍሬን ሸራ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ከኋላው ስደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ ሲጢጥ የሚል ድምፅ መጣ። ብረት ብረትን ሲበላ። "ፍሬኑ እየያዘልኝ አይደለም" ብሎ ጮኸ። እንደምንም ሣር ያለበት ጠርዝ አስይዞ አቆመው። ልጄ ጋሪው ውስጥ ተኝቷል፤ ምንም አላወቀም። እኔ ግን እግሬ ከዳኝ። የቀረውን መንገድ ሳይክሉን እየገፋን በእግራችን ወረድን።

ከጉዞው በፊት ሳይክሎቹን አንድ ሱቅ ሰጥተን ሰርቪስ አስደርገናል። "ሁሉም ሰላም ነው" ተብለን ከፍለን ወጣን። ሸራውን ያየው ሰው እንዳልነበረ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ማታ ካምፒንጉ ስንደርስ ጠባቂዋ ሴትዮ ሁኔታችንን አይታ ስልኳን አነሳች። በነጋው ኦገስት 15 ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የእመቤታችን የዕርገት በዓል ስለሆነ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። እሷ ግን ለአንድ ሰው ደወለች። "ነገ በሦስት ሰዓት ይጠብቋችኋል" አለችን።

መካኒኩ ስልሳ የተሻገሩ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ጋራዣቸው ከቤታቸው ሥር ነው። ግድግዳው ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ቅርጹ በቀለም ተስሎለት በየቦታው ተሰቅሏል። የበዓል ሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው፣ ጎማውን ፈትተው፣ ሸራውን አወጡ። መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። አጠገቡ አዲስ ሸራ አኖሩ። ልጆቹን ጠሩና "እዩ" አሏቸው። አዲሱ ወፍራም ነው። የእኛው ባዶ ብረት ነበር። ጎማው ላይ ያለው ዲስክ ደግሞ ከሙቀቱ የተነሳ ሰማያዊ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ። ቀይረው "ሂዱ" ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የሁላችንንም ሳይክል ፈተሹ። የወንዱ ልጄ የኋላ ሸራ ከ1 ሚሊሜትር በታች ሆኖ አገኙት፤ እሱንም ቀየሩ። የእኔን ደግሞ "ይህ ገና ነው፣ ገንዘብሽን አታውጪ" አሉኝ። እንዲህ የሚል መካኒክ ስንት አላችሁ?

ትልቋን ልጄን ጎማውን አስይዘው የመጨረሻውን ሸራ ራሷ እንድታስገባው አደረጉ። ዲስኩን በጣቷ ልትነካ ስትል እጇን ቀስ ብለው መለሱት። የጣት ቅባት ሸራውን ያበላሻል። አዲስ ሸራ ወዲያው አጥብቆ እንደማይዝም ነገሯት። ለጥ ያለ መንገድ ላይ ፈጠን እያሉ፣ ቀዝቀዝ እያሉ፣ 20 ጊዜ ያህል ማለማመድ አለበት። መንገዱ ላይ አብረዋት ቆመው ቆጠሩላት። እኛ ለገዛነው ዓይነት ለስላሳ ሸራ ዝናብና ጭነት ጠላቱ ነው፤ ዝናቡ የሚያመጣው አሸዋ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ለባለቤቴ ብረት የተቀላቀለበትን ገጠሙለት። ድምፁ ትንሽ ይጮሃል፣ ግን ሙቀት ይችላል።

ለባለቤቴ የሰጡት ምክር ደግሞ ይኸው፣ እናንተም ያዙት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ጨብጦ አይወረድም። ከኩርባው በፊት ሁለቱንም ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ፍጥነቱ ሲበርድ መልቀቅ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ማድረግ። እየቆሙ ማሳረፍ። "አናቱን ዘንድሮ ተዉት። ጋሪውን ይዛችሁ አትሻገሩ። ተራራው የትም አይሄድም" አሉት። ባለቤቴ ምክር ቶሎ የሚሰማ ሰው አይደለም። እሳቸውን ግን ሰማ።

ከየት እንደሆንን ጠየቁን። ኢትዮጵያ ስንል ፊታቸው በራ። በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረውን ጽጋቡ ግርማይን አነሱ። ስለ ጎረቤታችን ስለ ኤርትራ ልጅ ስለ ዳንኤል ተክለሃይማኖትም አወሩ፤ በ2015 በዚያው ውድድር በዳገት ለሚመራው የሚሰጠውን ባለ ነጠብጣብ ማልያ የለበሰውን። ወንዱ ልጄ አፉን ከፍቶ ሰማቸው።

ባለቤታቸው ዳቦ፣ አይብና ሥጋ በትሪ ይዘው መጡ። ጾም ላይ መሆናችንን፣ ጾሙም የእመቤታችን እንደሆነ ነገርኳቸው። "ዛሬ እኮ የእሷ ቀን ነው" ብለው ትሪውን ይዘው ተመለሱ። ከጓሯቸው የተለቀመ ቲማቲም ከዳቦና ከፕሪም ፍሬ ጋር ይዘው መጡ። ቲማቲሙ ገና የፀሐይ ሙቀት ነበረው።

ሒሳብ ስንጠይቅ የሁለት ጥንድ ሸራ ዋጋ ብቻ ተቀበሉን፣ 38 ዩሮ። የእጅ ዋጋ ብለን ብንለምን፣ ብንለማመጥ እምቢ አሉ።

እንግዲህ ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከጄኔቭም ሆነ ከግሬኖብል፣ ሳይክላችሁን ለእሳቸው ሳታሳዩ ዳገቱን አትጀምሩ። ስማቸውንና አድራሻቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ለምነውኛል፤ ሰው ሲበዛ መሥራት አልችልም ብለው ነው። ከቦፎር ወደ አልበርትቪል በሚወርደው ሸለቆ ውስጥ ናቸው። ለምትፈልጉ በኢንቦክስ እልካለሁ። ቀድማችሁ ደውሉላቸው። የሚናገሩት ፈረንሳይኛ ብቻ ነው፤ የማትችሉ ከሆነ እኔ ደውዬ አገናኛችኋለሁ። የኤሌክትሪክ ሳይክል ሞተር ግን አይነኩም።

ስንሰናበት ባለቤታቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሻንጣዬ ውስጥ ከተቱ። የቦፎር አይብ። "ጾማችሁ ሲያልቅ" አሉኝ። ነሐሴ 16 ቀን ሊዮን ቤታችን ውስጥ ከቅዳሴ መልስ ዶሮው ሳይቀርብ በፊት ያን ወረቀት ፈታነው። ትልቋ ልጄ ቢላውን አንስታ አምስት ቦታ ቆረሰችው። ከዚያ ስልኬን ተቀብላ ለእሳቸው ደወለች።